ዓሣዎቹን ማን ይጠብቅልን?

እንግዳ ቤታችን ሲመጣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ዓይኑ የሚያርፈው ሳሎናችን ጥግ ላይ ባለው የዓሣ ገንዳ ላይ ነው። 150 ሊትር ያህል የሚይዝ መስታወት ነው፤ ውስጡ ጨዋማ የባሕር ውኃ፣ ባለብዙ ቀለም ኮራሎችና ጥቂት ትንንሽ ዓሣዎች አሉ። «ውይ ሲያምር!» ይላል እንግዳው። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስም ያችው ጥያቄ ትከተላለች፤ «አገር ቤት ስትሄዱ ታዲያ ማን ይጠብቅላችኋል?»

የዚህችን ጥያቄ መልስ ፍለጋ ብዙ ሌሊት አምሽቻለሁ፤ ብዙ ገንዘብም ላወጣ ነበር። እናንተም ቤታችሁ የዓሣ ገንዳ ካለ፣ ወይም ልጆቻችሁ «ግዙልን» እያሉ ከሆነ፣ የደረሰብኝን ላጫውታችሁ።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ገንዳው ቤታችን የገባው እ.ኤ.አ. በ2020፣ ኮሮና በር በዘጋብን ጊዜ ነበር። ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ቀርታ፣ ጓደኛ አጥታ፣ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ስትቆም አንጀቴን በላችው። ብርቱካንማ ገላቸው ላይ ነጭ መስመር ያላቸው ሁለት ክላውንፊሾች ገዛንላት። እሷም አንዱን «በርበሬ»፣ ሌላዋን «ጨው» አለቻቸው። ኮራሎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ፣ አንድ በአንድ ነው።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ ከብርሃን ምግብ ይሠሩለታል፣ እሱ መጠለያ ይሰጣቸዋል። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ይህ ጉርብትና ይፈርሳል፤ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣና ነጭ ይሆናል፤ ነገሩ ቶሎ ካልተስተካከለም ይሞታል። ስለዚህ ቤታቸው ኮራል ያላቸው ሰዎች ውኃውን አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ያቆዩታል። የጨዉ መጠን ደግሞ በአንድ ኪሎ ውኃ 35 ግራም ገደማ ነው። ውኃው ሲተን ጨዉ አብሮ ስለማይተን፣ በጎደለው ልክ ጨው የሌለበት ንጹሕ ውኃ በየቀኑ መጨመር አለበት። ማሞቂያ፣ ፓምፕ፣ መብራት፣ ማጣሪያ፤ ሁሉም ቀንና ሌሊት ይሠራሉ። አንዱ ቢሰንፍ የሚከፍሉት ዓሣዎቹ ናቸው።

ከሦስት ዓመት በፊት ለጥምቀት አዲስ አበባ ሄድን። አንድ ወዳጄ በየሁለት ቀኑ እየመጣ እንዲመግብልን ቁልፍ ሰጠሁት። በስድስተኛው ቀን ደወለልኝ፤ ገና «ሃሎ» ሲል ከድምፁ አወቅሁት። ውኃው 34 ዲግሪ ደርሷል። ማሞቂያው ውስጥ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ተጣብቆ፣ ሙቀቱ ሲሞላ መጥፋት ሲገባው እንደበራ ቀርቶ ነበር። ወዳጄ ሶኬቱን ነቀለ፤ ከዚያ በላይ ምንም ማድረግ አይችልም። ጨው ሞተች። ኮራሎቹም ከሁለት በቀር ነጭ ሆነው አለቁ።

ልጄ ስንመለስ አላለቀሰችም። ገንዳው ፊት ቆማ «አባዬ፣ እኛ ቤት ብንሆን ይሞቱ ነበር?» አለችኝ። «ቶሎ ስለምናየው አይሞቱም ነበር» አልኳት። «ታዲያ ለምን ሄድን?» አለች። አያቷን ለማየት መሄዳችንን እያወቀች ነው የጠየቀችኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በርበሬን መመገብ ለእኔ ተወችልኝ።

እኔ ደግሞ ጥፋቴን በዕቃ ለመካስ ተነሳሁ። ገበያ ላይ ያለውን የገንዳ መቆጣጠሪያ ሁሉ ማጥናት ጀመርኩ። አሠራሩ ቀላል ነው። ውኃው ውስጥ የሚገቡ ሴንሰሮች አሉ፤ ሙቀቱን፣ የውኃውን ከፍታ፣ የአሲድነት መጠኑን፣ ጨዋማነቱን ይለካሉ። ሴንሰሮቹ የለኩትን አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ይቀበላል። እሱም ማሞቂያው፣ ፓምፑና መብራቱ የተሰኩበትን የሶኬት ሳጥን «ይህን አብራ፣ ያንን አጥፋ» ብሎ ያዝዛል፤ ችግር ሲያይም ወደ ስልካችሁ መልእክት ይልካል። በኮራል ወዳጆች ዘንድ ስማቸው ከሚነሳው መካከል የአሜሪካው ኔፕቱን ሲስተምስ የሚሠራው «ኤፔክስ»፣ የጀርመኑ ጂ ኤች ኤል የሚሠራው «ፕሮፊሉክስ» እና «ሃይድሮስ» የተባለው ይገኙበታል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ሙቀት ብቻ የሚቆጣጠሩ፣ ከ50 ዶላር በታች የሚገኙ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ።

እኔ የጓጓሁት ለትልቁ ነበር። ሴንሰሩ፣ የሶኬት ሳጥኑ፣ ካሜራው፣ ማዕድን የሚጨምረው ፓምፕ ሁሉ ሲደመር ከሺህ ዶላር አለፈ። ወረቀቱን ለባለቤቴ አሳየኋት። ለአገር ቤት የምንልከውን፣ የልጁን የጥርስ ሐኪም፣ የመኪናውን ኢንሹራንስ በቃሏ የምታውቅ ሴት ናት። አልተቆጣችም። «ይኼ ሁሉ የሚያረጋጋው ማንን ነው?» አለችኝ፤ «ዓሣዎቹን ነው ወይስ አንተን?»

አኮረፍኩ። ሁለት ቀን ቆይቼ ግን ወረቀቱን ቀደድኩትና ጥያቄውን ገልብጬ እንደገና ጀመርኩ። እስከዚያ ድረስ «ምን ምን ይሠራል?» ብዬ ነበር የማነጻጽረው። አሁን ግን «ሲበላሽ ምን ያደርጋል?» ብዬ ማንበብ ያዝኩ። እናንተም ልትገዙ ካሰባችሁ ከዚህ ብትጀምሩ ይሻላል።

መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ነው፤ ዋናው ኮምፒውተር ቢቆም ሶኬቶቹ ምን ይሆናሉ? ጥሩ መቆጣጠሪያ ለእያንዳንዱ ሶኬት «ትእዛዝ ካጣህ ጥፋ» ወይም «ትእዛዝ ካጣህ ብራ» ብላችሁ አስቀድማችሁ እንድትወስኑ ያስችላችኋል። ማሞቂያው መጥፋት አለበት፤ ለጥቂት ሰዓት መቀዝቀዝ በአንድ ሌሊት ከመቀቀል ይሻላልና። ውኃ የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ግን መብራት አለበት፤ ውኃው ከቆመ ዓሣዎቹ አየር ያጥራቸዋል።

ሁለተኛው ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚሆነው ነው። አንዳንዱ ዋይፋይ ባይኖርም ሥራውን ይቀጥላል፤ መልእክት መላክ ብቻ ያቆማል። በኢንተርኔት ካልሆነ የማይታዘዝም አለ። ከዚህ የማትነጠል ሌላ ጥያቄም አለች፤ መብራት ቢጠፋ ማን ይነግረኛል? መብራት የሌለው መሣሪያ «መብራት ጠፋ» ብሎ መላክ አይችልም። ስለዚህ የመሣሪያው ድምፅ ሲጠፋ ኩባንያው ራሱ የሚያስጠነቅቃችሁ መሆኑን አረጋግጡ።

ሦስተኛው የሴንሰሮቹ ነገር ነው። እያንዳንዱ ሴንሰር እንክብካቤ ይፈልጋል። አሲድነት የሚለካው በየጊዜው በመለኪያ ፈሳሽ መስተካከል አለበት፤ ሲያረጅም ይቀየራል። ጨዋማነት የሚለካውም እንዲሁ እየቆየ መሳሳት ይጀምራል። ካልተንከባከባችሁት ሳይጨነቅ የሚዋሽ ሴንሰር ከሌለ ሴንሰር ይብሳል፤ ቁጥሩን አምናችሁ ትተኛላችሁና። እኔ ሙቀት፣ የውኃ ከፍታና ወለል ላይ ውኃ ሲፈስ የሚያስጠነቅቅ ሴንሰር ይበቃኛል አልኩ። ጨዋማነቱንና ሌላውን ቅዳሜ ቅዳሜ በእጄ እለካለሁ።

አራተኛው ደግሞ እኔ በሌለሁበት ሌላ ሰው ሊጠቀምበት መቻሉ ነው። ይህን የትኛውም የሽያጭ ወረቀት ላይ አላገኘሁትም።

ገንዳችሁ ኢትዮጵያ፣ አውሮፓ ወይም ገልፍ አገሮች ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የሶኬት ሳጥን ለ120 ቮልት ነው። የኢትዮጵያው 220 ቮልት ነውና ዕቃ ከማስመጣታችሁ በፊት ቮልቴጁን ጀርባው ላይ አንብቡ። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ከመቆጣጠሪያው በፊት በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ መግዛት ይቀድማል።

በመጨረሻ የገዛሁት መካከለኛውን ነው። ከወረቀቱ ላይ ካሜራውንና ሌላውን ሁሉ ስናወጣ ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። በአንድ ትልቅ ማሞቂያ ፈንታ ሁለት ትንንሽ አደረግሁ፤ አንዱ በርቶ ቢቀር ብቻውን ውኃውን እንዳይቀቅለው። መቆጣጠሪያው ማሞቂያዎቹን 25.5 ዲግሪ ላይ ያጠፋል፤ የማሞቂያዎቹን የራሳቸውን ማስተካከያ ደግሞ 27 ላይ አደረግኩት። አንደኛው ዘበኛ ቢተኛ ሁለተኛው አለ ማለት ነው። የሙቀት ሴንሰሩን ማሞቂያዎቹ ካሉበት ከታችኛው ገንዳ አውጥቼ ዓሣዎቹ በሚኖሩበት በላይኛው ውስጥ አስገባሁት። ያኔ ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር።

ቁልፉን ደግሞ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ለሚኖሩት እማማ ሰጠኋቸው። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸውን ለማገዝ መጥተው እዚሁ የቀሩ። የሶኬቶቹን ገመዶች በቀለም ፕላስተር ለየሁላቸው፤ ቀይ ማሞቂያ፣ ሰማያዊ ፓምፕ፣ ቢጫ መብራት። «እኔ ዓሣ የማውቀው ለጾም ነው» ብለው ሳቁብኝ።

ባለፈው ገና እንደገና አዲስ አበባ ነበርን። ሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ከሁላችንም ቀድማ ተነሳች፤ በዚያ ሰዓት ስልክ የሚጮኸው ለመርዶ ነው። «ማን ሞተ?» አለችኝ፤ ነጠላዋን እየፈለገች። መልእክቱን አነበብኩት፤ ሙቀት 24፣ እየወረደ ነው።

ሜሪላንድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። እማማ ጋ ደወልኩ፤ ወርደው በሩን ከፈቱ፤ ስልኩን በቪዲዮ ወደ ገንዳው አዞሩልን። ማሞቂያዎቹ በርተዋል፤ ውኃው ግን ከታች ወደ ላይ አይወጣም። ፓምፑ ቆሟል። መቆጣጠሪያው «አብራ» ብሎ አዟል፤ ሶኬቱም በርቷል። ከዚያ በላይ እጅ የለውም። ሴንሰሩ ከማሞቂያዎቹ ጎን ቢቀመጥ ኖሮ ደግሞ ውኃው ሞቆ አግኝቶት ዝም ይል ነበር።

እኔ ምን ልበላቸው እያልኩ ሳለሁ ስልኩን ልጄ ከእጄ ወሰደችው። «እማማ፣ በመጀመሪያ ባለቀለሞቹን ሁሉ ይንቀሉልኝ። አዎ፣ ሁሉንም። አሁን እጅዎን ወደ ጥቁሩ ነገር ይስደዱ።» እማማ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በስመ አብ ብለው እጃቸውን ባሕር ውስጥ ከተቱ። የፓምፑ አፍ ላይ አንድ ቀንድ አውጣ ተወትፎ ነበር። በሁለት ጣት ይዘው ወደ ካሜራው አቀረቡት፤ «ይቺ ናት ሰው የምታስነሳው?» እኛም እናቴም እኩል ሳቅን። ገመዶቹን መልሰው ሲሰኩ የውኃው ድምፅ ተመለሰ። ጠዋት ላይ ሙቀቱ 25.5 ነበር።

ልጄ ዳግመኛ አልተኛችም። በየግማሽ ሰዓቱ ስልኬን እየተቀበለች ቁጥሩን ስታይ አነጋች። ከተመለስንበት ቀን ጀምሮ በርበሬን የምትመግበው እሷ ናት። በራሷ ቅዳሜ ገንዘብ አዲስ ጓደኛ ገዛችለት፤ ስሙን «አዋዜ» ብላዋለች። ፓምፑ አፍ ላይም ቀንድ አውጣ የማያሳልፍ ወንፊት አድርገናል።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል የሰማሁት ልጅ ሆኜ ነው። መሣሪያውን መግዛቴ አልቆጨኝም፤ እሱ ባይኖር እማማን ማን ይቀሰቅሳቸው ነበር? እናንተም ስትገዙ ግን የሚበቃችሁን ግዙና የተረፈውን ጊዜ ቁልፉን ለምትሰጡት ሰው ገመዶቹን በማሳየት አሳልፉት።

ባለፈው እሑድ እንግዶች መጥተው ነበር። ቡናው ሲፈላ ያችው ጥያቄ መጣች፤ «አገር ቤት ስትሄዱ ማን ይጠብቅላችኋል?» አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመችኝ።

«እማማ ናቸዋ!»