ለስላሳ ድምፅ ባዶ ድምፅ አይደለም

ሙዚቃም እንደ ልብስ ፋሽን አለው። ትናንት ሰው ሁሉ ያጨበጨበለት ዘፋኝ ዛሬ ስሙ ሲነሣ ያስፈግጋል፤ ፈገግታውም የአድናቆት ሳይሆን የንቀት ነው። ይህ ዕጣ ከደረሰባቸው ድምፃውያን አንዱ አሜሪካዊው አል ጃሮ ነው። የጃዝ ወዳጆች «ለገበያ ሲል ጃዝን ተወ» ይሉታል፤ ኃይለኛ ሮክ የሚወዱት ደግሞ «ይህ በሆቴል አዳራሽ የሚከፈት ለስላሳ ዘፈን ነው» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች ከጆሯቸው ይልቅ ወሬውን ያመኑ ይመስለኛል።

አል ጃሮ በ1940 ሚልዋኪ በምትባለው ከተማ ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ሰባኪ፣ እናቱ የቤተ ክርስቲያን ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ። በ1962 ከሪፐን ኮሌጅ በሥነ ልቡና ተመርቆ፣ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን ከያዘ በኋላ፣ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ወደ ሥራ ለመመለስ የሚረዳ አማካሪ ሆኖ በሳን ፍራንሲስኮ ተቀጠረ። ቀን በቢሮ ይውላል፤ ማታ ከፒያኖ ተጫዋቹ ከጆርጅ ዱክ ጋር ይዘፍናል። በ1968 ቢሮውን ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለዘፈን ሰጠ፤ «ዊ ጋት ባይ» የተባለው ሸክላው የወጣው ግን በ1975 ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው 35 ዓመት ነበር። ፋይል ፊቱ ተከምሮ «የእኔ ጊዜ አለፈ» ለሚል ወጣት ይህ ቁጥር ጥቂት መጽናኛ ይሆነዋል።

ወደ ድምፁ እንመለስ። በ1981 በወጣው «ብሬኪን አዌይ» በተባለው አልበሙ ውስጥ የዴቭ ብሩቤክን «ብሉ ሮንዶ አላ ተርክ» የራሱን ግጥም ጨምሮ ዘፍኖታል። ብሩቤክ ይህን ዜማ የደረሰው ኢስታንቡል ውስጥ የመንገድ ሙዚቀኞች ሲጫወቱ በሰማው ምት ተነሣሥቶ ነው። ምቱ ዘጠኝ ነው፤ አከፋፈሉም አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት ሦስት እያለ ይሄዳል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን በጣትህ ጠረጴዛ ላይ ለመምታት ሞክር። ከዚያም በዚህ ምት ላይ በፍጥነት ቃላት መደርደር ምን ያህል እንደሚያስቸግር ገምት። ጃሮ ይህን የሚያደርገው እየሣቀ የሚያወራ ያህል ቀልሎት ነው።

የተናቀበትም ምክንያት ይኸው ቅለት ይመስለኛል። ዘፋኝ ደም ሥሩ ሲገተር ስናይ ደከመ እንላለን፤ ሳይጨነቅ ሲዘፍን ግን ምንም ያልሠራ ይመስለናል። ጥሩ ሸማኔ የሠራውን ነጠላ የሚለብስ ሰው ድርና ማጉን አይቆጥርም፤ ሸማኔው ግን እያንዳንዱን ክር ያውቀዋል።

እርግጥ ነው፣ በሰማንያዎቹ ዓመታት ካወጣቸው ዘፈኖች አንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ መሣሪያው በዝቶባቸው ዛሬ አርጅተዋል። ይህን መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን ጃዝን ከዳ የሚለው ክስ አያስኬድም። በ1982 በዚሁ በ«ብሬኪን አዌይ» ምክንያት በወንድ ድምፃውያን ዘርፍ የፖፕንም የጃዝንም የግራሚ ሽልማት ወሰደ፤ በ1993 ደግሞ የአር ኤንድ ቢውን ጨመረ። በሦስት ቤት የተሸለመ ሰው በሦስቱም ቤት እንደ እንግዳ መታየቱ ያስገርማል።

እኛም ኢትዮጵያውያን ብንሆን ለድምፁ ፈጽሞ ባዕድ አይደለንም። በጥር 1985 በአገራችን ረኀብ ለተጎዱት እርዳታ ለማሰባሰብ «ዊ አር ዘ ወርልድ» ሲቀረጽ፣ ለብቻቸው ካዜሙት ድምፃውያን አንዱ እርሱ ነበር። ስሙን ሳናውቅ ድምፁን የሰማን ብዙዎች ነን።

አል ጃሮ በየካቲት 2017 በ76 ዓመቱ ዐረፈ፤ እየተዘዋወረ መዝፈኑን ያቆመው ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት ብቻ ነው። ወዳጆችህ ስሙን እያነሡ ቢሥቁ አትከራከራቸው፤ «ብሉ ሮንዶ»ን ከፍተህ ምቱን በጣታቸው እንዲቆጥሩ ጠይቃቸው። ከዚያ በኋላ ባይወዱት መብታቸው ነው።