የብልባላ ማር

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ከተጓዙ ብልባላ ጊዮርጊስን ሳይሳለሙ አይለፉ። ከዓለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ ንቦች ይኖራሉ፤ ማራቸውን ምእመናን ለፈውስ ይቀምሱታል።

ንብ አበባ ትሻለች፤ አበባም አፈር። በላስታ ግን የአባት ማሳ ለልጆች ሲከፋፈል እርሻው ወደ ተዳፋቱ ይወጣል፤ ቁጥቋጦው ይመነጠራል፤ አፈሩን የክረምት ጎርፍ ይወስደዋል፤ ምንጩም ይነጥፋል። ያን ጊዜ እናት ውኃ ፍለጋ ትርቃለች፤ ሕፃናትም ይታመማሉ።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየገጠሩ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ሲመክሩ ታዲያ ማሳውንም እያሰቡለት ነው። እርከን የሚሠራው ገበሬም የልጆቹን ጤና ይጠብቃል።

መንገድዎን እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ ይቀጥሉ። በዋሻው ዙሪያ ያለውን የጽድ ደን ለልጆችዎ ያሳዩ፤ ከማዶው ራቁት ተራራ ጋርም ያስተያዩት።