መልሱ የየትኛው ነው?

ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ገሳይ

የጉና ተራራ ብርድ ወርዷል። ከራት በኋላ ላፕቶፑን ከስልኬ ዳታ ጋር አገናኝቼ ፒንግ አስነሣሁ። ፒንግ አሜሪካዊው ማይክ ሙስ እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፋት ትንሽ ፕሮግራም ናት፤ አንዲት ፓኬት ትልክና መልሷ እስኪመጣ ስንት ሚሊሴኮንድ እንደፈጀ ትናገራለች። በማለዳ መልሱ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ማታ ሰዉ ሁሉ ስልኩን ሲከፍት ግን ከሴኮንድ በላይ የሚያስጠብቅ አለ፤ ጨርሶ የሚቀርም አለ።

በርቀት ማሳበብ አይቻልም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ 1,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል። በጅቡቲና በቀይ ባሕር ዞሮ አውሮፓ ደርሶ ለመመለስ እንኳ ከ100 ሚሊሴኮንድ ብዙ አያልፍም። የቀረው ጊዜ በአብዛኛው ፓኬቶቹ የሚጠብቁት ወረፋ ነው።

ኅዳር 6 ቀን

ገበያ ዋልሁ። ድንች የምትነግድ ጎረቤቴ ለገበሬው በስልኳ ብር ስትልክ ስልኩ ዝም አላት፤ ደግማ ላከች። ከዚያ አንድ መልእክት ገባ።

«መምህር፣ ይኸ መልስ ለፊተኛው ነው ለኋለኛው?»

«እትዬ፣ አሁን አይንኩት፤ ቁጥሩን እንይ» አልኋት።

ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው መልእክት መጣ፤ የግብይት ቁጥሩ የተለየ ነበር። ሁለቴ ከፍላለች ማለት ነው። ገበሬው እዚያው ቆሞ ስለነበር ትርፉን መለሰላት።

ኅዳር 7 ቀን

የእትዬ ጥያቄ የኢንተርኔትን መሐንዲሶች ያስጨነቀ ጥያቄ ነው። ድረ ገጽና ኢሜይል የሚያመላልሰው ቲሲፒ የሚባለው ፕሮቶኮል መንገዱን በዓይኑ አያይም። የሚያውቀው ፓኬቱን የላከበትንና መልሱ የመጣበትን ሰዓት ብቻ ነው። ከገመተው ጊዜ ካለፈ ጠፋ ብሎ ደግሞ ይልካል። መልሱ ሲመጣስ የየትኛው ነው? የፊተኛውን መልስ ለኋለኛው ከቆጠረው መንገዱ አጭር ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይጣደፋል፣ ያልጠፋውን ደጋግሞ ይልካል፣ ወረፋውን ያስረዝማል። ፊል ካርንና ክሬግ ፓርትሪጅ እ.ኤ.አ. በ1987 መፍትሔ አቀረቡ፦ ተደግሞ ከተላከ ፓኬት የተገኘን ልኬት አትቁጠሩ፣ አጠራጣሪ ልኬት ካለመለካት ይብሳል።

ነገሩ የወረቀት ክርክር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 ከሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ወደ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ በሴኮንድ 32,000 ቢት የሚያልፍበት መስመር ወደ 40 ቢት ወረደ። ቫን ጃኮብሰን ምክንያቱን ተከታትሎ ከማይክል ካሬልስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጽሑፍ፣ ላኪው የመልሱን አማካይ ጊዜ ብቻ ሳይሆን መዋዠቁንም እንዲለካ አደረገ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። የገሳይን ጠዋትና ማታ ደምሮ ለሁለት ማካፈል ስለ ጠዋቱም ስለ ማታውም ምንም አይነግረንም።

ኅዳር 12 ቀን

ሚካኤል ነው፤ ትምህርት የለም፣ ሳነብ ዋልሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደቀው ኩዊክ የተባለው ፕሮቶኮል የእትዬን ጥያቄ ከሥሩ ነቅሎታል፦ ይዘቱ ያው ቢሆንም እያንዳንዱ ፓኬት ሲላክ አዲስ ቁጥር ይይዛል፣ እንደ ግብይት ቁጥሩ። ተቀባዩም መልሱን ይዞ የቆየበትን ጊዜ አብሮ ይናገራል። ልኬት ድሮ ከፕሮቶኮሉ ላይ የሚለቀም ነበር፤ እዚህ ግን ከመጀመሪያው ታስቦበት ተሠራ።

የከነከነኝ ሌላ ነው። ቲሲፒ ስለ መንገዱ ምንም ሳያውቅ መጀመሪያ የሚጠብቀው ጊዜ ድሮ 3 ሴኮንድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 1 ሴኮንድ ወረደ። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ በአንድ ሰፊ ጥናት ከ97.5 በመቶ በላይ በሚሆኑት ግንኙነቶች መልሱ ከሴኮንድ በታች መምጣቱ ነው። ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል፤ ብዙው ሰው በከንቱ ሊጠብቅ አይገባም። የእኛ ማታ ግን ብዙ ጊዜ ከቀሪዎቹ ጋር ነው። ደግነቱ የውሳኔው ጸሐፊዎች አልረሷቸውም፦ ግንኙነቱን የሚከፍተው የመጀመሪያው ሰላምታ ሳይመለስ ሴኮንዷ ካለፈች፣ ዳታው መሄድ ሲጀምር ጥበቃው ወደ 3 ሴኮንድ ይመለሳል። ያች አንቀጽ የተጻፈችው የዘገዩት በልኬቱ ውስጥ ስለተገኙ ነው። ካልተለኩ ማን ያስብላቸዋል?

ከነገ ጀምሮ ተማሪዎቼ ጠዋትና ማታ ፒንግ ይመዘግባሉ፤ አማካዩን ሳይሆን እያንዳንዱን መልስ፣ የቀረውንም ጭምር።