ስለ ጓሮው አርማታ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው እሑድ እናቴ ጓሮ ተቀምጣ ፀሐይ ስትሞቅ የሚያሳየውን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ «መምህር፣ ማን ሠራልዎት? ስንት ፈጀ?» የሚል መልእክት ኢንቦክሴን ሞልቶታል። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ረዘም ይላል። ዋጋውን ብቻ ለምትፈልጉ፦ 4,320 ዶላር። 12 ጫማ በ20 ጫማ፣ ውፍረቱ 4 ኢንች። ሥራ ያለባችሁ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ።

ለቀራችሁት ደግሞ፦ ነገሩ የአርማታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። በዚህ ሥራ ሰበብ አንድ የማከብረው ሰው ተቀይሞኛል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም «መምህሩ የአገሩን ልጅ ትቶ ሥራውን ለባዕድ ሰጠ» መባሌን ሰምቻለሁ። ከጀርባ ከሚወራ ፊት ለፊት እኔው ብናገረው ይሻላል።

መጀመሪያ ለምን እንዳስፈለገን። እናቴ 82 ዓመቷ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እኛው ጋ፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው የምትኖረው። ቤዝመንት ስል ጨለማ ጉድጓድ እንዳይመስላችሁ፣ በቀጥታ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ የመስታወት በር አለው። ችግሩ ከበሩ ወዲያ ያለው ነው። የሰፈራችን አፈር ቀይ ሸክላ ነው፤ ሲዘንብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፣ መሃል መሃሉ ደግሞ ጎድጓዳ ነው። ዎከሯን ይዛ ሁለት እርምጃ ስትሄድ የዎከሩ እግር ይሰምጣል። ሰመሩን ሙሉ በሩን ዘግታ ከውስጥ ሆና ነው ያሳለፈችው። አንድ ቀን «እዚህ አገር ፀሐይም በመስኮት ነው እንዴ የሚታየው?» አለችኝ። በነሐሴ መጨረሻ ዕቁብ ደረሰኝ፤ ሌላ የታሰበለት ነገር ነበር፣ እሱ ይቆይ አልን።

ሦስት ሰው አስጠርቼ ዋጋ ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ከአንድ ትልቅ ድርጅት የመጣ ልጅ ነው፤ ታብሌቱን ይዞ ከአርማታው በላይ ስለ ወርሃዊ ክፍያ አወራኝ። 6,900። «ዛሬ ከፈረምክ እቀንስልሃለሁ» ሲል ቡና አጠጥቼ ሸኘሁት። ሁለተኛው የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው፤ ከወንድሙና ከሁለት ሠራተኞች ጋር ይሠራል። 4,320። ሦስተኛው የአገራችን ልጅ ነው። 2,600።

ስለዚህ ሦስተኛው ሰው በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ባለሙያ ነው። አዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ላይ በቀን ሠራተኝነት ጀምሮ ግንበኛ፣ ከዚያም ፎርማን የሆነ ሰው ነው። እዚህ ደግሞ የብዙዎቻችሁን ደረጃና የእግር መንገድ የሠራው እሱ ነው። ጓሮዬን በእርምጃ ለክቶ፣ አፈሩን በጫማው ጫፍ ፈንቅሎ አየና «ይሄ ውሃ ይይዛል ጋሼ፣ ከሥሩ ጠጠር ይፈልጋል» አለኝ። ልክ ነው። «ግማሹን ቀብድ በካሽ ይስጡኝ፣ ቅዳሜ እጀምራለሁ» አለ።

ሦስት ነገር ጠየቅሁት። የላይሰንስ ቁጥር፣ የጽሑፍ ውል፣ ኢንሹራንስ። መጀመሪያ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። አለመሳቄን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ በእኔና በእርስዎ መሃል ወረቀት ይገባል?»

እዚህ ላይ ነው እኔና ብዙዎቻችሁ የማንስማማው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። «እኛ በቃል የምንተማመን ሕዝብ ነን» ይባላል። ደስ ይላል። ግን ዕቁብ ምን ነበር? ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ካልጠራ ገንዘቡን አይነካም። ለዚህ ለአርማታ የዋለውን ገንዘብ ስወስድ እኔን ራሴን፣ እዚህ ሰፈር 19 ዓመት የኖርኩትን ሰውዬ፣ ሁለት ዋስ አስጠርተውኛል። አንዳችንም «ታማኝነቴ ተነካ» ብለን አናውቅም። ዕድራችንም ደንብ አለው፣ መዝገብ አለው፣ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎቻችን ወረቀትና ዋስ የፈለጉት ስለሚጠራጠሩ አይመስለኝም፤ ነገ ተገናኝተው ሰላም መባባል ስለሚፈልጉ ነው። ዋሴ የነበረው ሰው ነው ደግሞ «የአገርህን ልጅ ውል ፈርም ማለት ነውር ነው» ያለኝ! (ስሙን አልጠቅስም፣ ይሄንን እንደሚያነብ ግን አውቃለሁ። ጋሼ፣ እንደምን አሉ?)

ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ነገሩ የባህል ብቻ አይደለም። እዚህ ቤት የሚያድስና የሚያሻሽል ኮንትራክተር የስቴቱ ላይሰንስ ሊኖረው ግድ ነው፤ ቁጥሩም ውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ቀብድ ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ አይበልጥም፣ እሱም ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። ባለ ላይሰንሱ ሥራውን ቢያበላሽ ወይም ጥሎ ቢጠፋ ደግሞ ባለቤቱ አመልክቶ ካሳ የሚጠይቅበት ፈንድ አለ፤ ላይሰንስ የሌለው ከሠራው ግን ይህ በር ዝግ ነው። ይሄን ሁሉ ለሰውየው ስነግረው «አየህ፣ ሕጉ ለአንተ ለደንበኛው ነው» በሚል ዓይን አየኝ።

እኔ ግን የሕጉ ዱላ ይበልጥ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው ባይ ነኝ። ያን ዕለት ቡናችንን ስንጠጣ ራሱ የነገረኝ ነገር አለ፦ ዓምና አንድ ደንበኛ ሥራው ካለቀ በኋላ «ቀለሙ አልተመሳሰለም» ብሎ ግማሹን ሂሳብ ከለከለው። 3,000 ዶላር ገደማ። «ምን አደረግህ?» አልኩት። «ምን አደርጋለሁ፣ ለፈጣሪ ሰጠሁት» አለ። ለፈጣሪ የሰጠው ሌላ መሄጃ ስለሌለው ነው። ላይሰንስ የሌለው ኮንትራክተር እዚህ ፍርድ ቤት ሄዶ በውሉ ገንዘቤን ይክፈለኝ ማለት አይችልም፤ እንዲያውም ያለ ላይሰንስ መሥራቱ ራሱ ወንጀል ስለሆነ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። ያንን ደንበኛ ደግሞ ታውቁታላችሁ ብል አልዋሽም፣ የእኛው ሰው ነው። እንግዲህ «በቃል መተማመን» ማንን እንደጠቀመ ቁጠሩት።

ለማንኛውም አልተስማማንም። ተነሥቶ ሄደ፤ ሲሄድ እናቴን ጉልበቷን ስሞ ነው የሄደው፣ እኔን ግን በእጅ ብቻ።

ሥራውን ለሁለተኛው ሰጠሁ። ሁለት ገጽ ውል፦ ውፍረት፣ የጠጠሩ ጥልቀት፣ የአርማታው ጥንካሬ፣ ተዳፋቱ፣ አፈሩን ማን እንደሚያነሣ። ክፍያው በሦስት፦ ስንፈርም 1,440፣ ጠጠሩ ተጠቅጥቆ ሳንቃው ሲመታ 1,440፣ ሲያልቅ 1,440። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት 811 ደወለ። ይሄን የማታውቁ ካላችሁ ነፃ ነው፤ ስትደውሉ የመብራት፣ የጋዝ፣ የውሃና የስልክ መስመር ያላቸው ድርጅቶች መጥተው መሬቱ ላይ በቀለም ያሰምራሉ። መብራት ቀይ፣ ጋዝ ቢጫ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ፍሳሽ አረንጓዴ፣ የኢንተርኔትና የስልክ ብርቱካናማ። ቢጫው ከቤቱ ጎን ቀረ፤ ብርቱካናማው ግን ጓሮውን አቋርጦ ልክ እኛ በምንቆፍርበት ላይ አለፈ። ቅዳሜ ቢጀመር ኖሮ ሰፈሩ ኢንተርኔት አልባ ይሆን ነበር፤ ያኔ የቤተ ክርስቲያኑ ሐሜት ገነት ይመስለኝ ነበር።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ «ሒሳብ ምን ያደርግልናል?» ትሉኝ አልነበር? እንግዲህ፦ 12 በ20 በአንድ ሦስተኛ ጫማ፣ 80 ኪዩቢክ ጫማ። አንድ ያርድ 27 ነው፤ ስለዚህ 3 ያርድ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ ከመጠባበቂያው ጋር 3 ተኩል አዘዘ። አንድ ያርድ አርማታ ወደ 4,000 ፓውንድ ይመዝናል፤ መኪናው ጓሮ መግባት ስለማይችል ከ5 ቶን በላይ የሆነ ነገር አራት ሰው በእጅ ጋሪ ገፋው። ልጅ ሆኜ ፒያሳ ሕንፃ ሲሠራ ሴቶች በባሬላ አርማታ ሲያወጡ ያየሁት ትዝ አለኝ። አርማታ የሚለው ቃላችን ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፣ «የታጠቀ» እንደ ማለት፤ የታጠቀው ብረቱን ነው። የእኛው የሽቦ መረብ ነው የታጠቀው። መረቡን መሬት ላይ ዘርግተው አልደፉበትም፣ ትንንሽ መደገፊያ አስገብተው ከፍ አደረጉት። መረቡ ከታች ከተኛ ጥቅም የለውም፣ የሚሠራው መሃል ሲገባ ነው።

በጣም የወደድኩት ግን የውሃው ጉዳይ ነው። ከሠራተኞቹ አንዱ «አጉዋ፣ አጉዋ» እያለ ሾፌሩን ውሃ ጨምር ይለዋል። ውሃ ሲበዛ አርማታው ይቀጥናል፣ ለመግፋትም ለመደልደልም ይቀላል፤ በየትኛውም አገር ያለ ሠራተኛ የሚለምነው ይሄንኑ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን በአንድ ያርድ አንድ ጋሎን ትርፍ ውሃ በጨመርክ ቁጥር ከጥንካሬው 200 ፒኤስአይ ገደማ ይሸረፋል፤ እዚህ ክረምት ደግሞ የቀጠነ አርማታ በረዶው ገብቶ ፊቱን ይልጠዋል። አለቅየው እጁን አነሣና «ኖ» አለ። አንዲት ቃል። ልጁ አጉረመረመና ጋሪውን ገፋ። እናቴ ከመስታወቱ ኋላ ሆና ይሄን አይታ «ቆፍጣና ነው» አለች።

ተዳፋቱ በጫማ ሩብ ኢንች ነው፤ 12 ጫማ ላይ 3 ኢንች ወረደ፣ ዝናቡ ከቤቱ ተመልሶ እንዲሄድ። ባለቤቴ «ረከቦቱ ላይ ያለው ሲኒ አይንሸራተትም?» ብላ ተጨነቀች፤ አይንሸራተትም፣ ሞክረነዋል። ላዩን እንደ መስታወት አላለሰለሱትም፣ በመጥረጊያ ጎተት አድርገው ሸካራ አደረጉት፤ እናቴ እንዳትንሸራተት። በማግሥቱ ጠዋት መጥቶ መሃሉን በመጋዝ አንድ ኢንች ቆረጠው። እዚህ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ጮኸ፤ ትናንት የተሠራ አዲስ ነገር ለምን ይቆረጣል? አርማታ እየጠነከረ ሲሄድ ስለሚኮማተር መሰንጠቁ አይቀርም፤ ቆርጠህ ስታቀጥነው ስንጥቁ በዚያ መስመር ውስጥ ይሄዳል፣ አይታይም፣ የዎከር ጎማም አይይዝም። ከዚያ በኋላ 7 ቀን እርጥብ አድርገን በላስቲክ ሸፈንነው። ጎረቤቴ «የምታጠጣው ሊበቅል ነው?» አለኝ። አርማታ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ ሲሚንቶው ከውሃው ጋር ሲዋሃድ ነው፣ ውሃው ቶሎ ካመለጠው ሥራው ግማሽ ላይ ይቀራል። አዲስ አበባ እርጥብ ጆንያ የሚያለብሱት ለዚሁ ነው። የዘንድሮ ክረምት ጨው እንዳልበትንበትም አስጠንቅቆኛል።

አንድ ደስ የማይል ነገር፦ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውሃ የማያሳልፍ ነገር በሸፈነው ስፋት ልክ ከቤት ግብር ጋር የሚያስከፍለው አለ፣ ሰዉ «የዝናብ ታክስ» ይለዋል። ጣሪያችሁም መኪና መቆሚያችሁም ይቆጠራል፣ ፓቲዮም እንደዚያው። ከመሥራታችሁ በፊት እዩት።

ወደ ሰውየው ልመለስ። በጥቅምት የልጅ ልጄ ክርስትና ነበር፤ ሚስቱ የባለቤቴ ጓደኛ ስለሆነች አብረው መጡ። ከሰላምታ በኋላ ብዙም አላወራን። ሰዉ ምግብ ሲያነሣ እሱ ጓሮ ወጥቶ ቁጢጥ ብሎ አየሁት። መዳፉን አርማታው ላይ አሸት አሸት አደረገ፣ የተቆረጠውን መስመር በጥፍሩ ለካ፣ ዳሩን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ።

«ከሥሩ ጠጠሩን ስንት አደረጉት?» አለኝ ቀና ሳይል።

«4 ኢንች።»

«እኔ 6 አደርግ ነበር» አለ። ትንሽ ቆየና «ግን ጥሩ ሥራ ነው» አለ።

ያኔ ነው የላይሰንሱን ፈተና ያነሣሁበት። የሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል፣ እሱ የሃያ አለው። የሚይዘው እንግሊዝኛው ነው፤ «የማውቀውን ነገር በማላውቀው ቋንቋ ይጠይቁኛል» አለኝ፣ ይሄን የሚል ተማሪ ስንት አይቻለሁ። ከውስጥ መጽሐፉን አምጥቼ ሰጠሁት፤ ውሉን ከመፈረሜ በፊት ለራሴ ብዬ የገዛሁት ነው፣ ዳርና ዳሩ ላይ በእርሳስ አማርኛ ጽፌበታለሁ። ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «የእርስዎ ጽሕፈት ከእንግሊዝኛው ይብሳል» አለ። ብብቱ ውስጥ ሸጉጦት ሄደ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነፃ ነኝ ብዬዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነው፣ እስካሁን አልደወለም። መጽሐፉንም አልመለሰም።