ቀጭኑ ክብ ፊደልና የ«ሌ» ቀለበት

ክዊክሳንድ የሚባለውን የላቲን ፎንት በጣም እወደዋለሁ፤ ያለቦታው ሲገባ የሚከፋኝም ለዚህ ነው። አንድሩ ፓግሊናዋን እ.ኤ.አ. በ2008 ሠራው፣ በ2016 ደግሞ ቶማስ ጆኪን ለጉግል ፎንትስ አሻሻለው። በነፃ ስለሚገኝ ብዙ ዲዛይነር እጁ ላይ አለ።

መሠረቱ ክብና ቀጥ ያለ መስመር ነው። ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይመስላል፣ ጫፎቹም ድቡልቡል ናቸው። «ይመስላል» ያልኩት ዓይን በኮምፓስ የተሠራን ክብ እንዳለ ስለማይቀበል ነው። የላቲኑ «ኦ» ከጎኑ ካለው «ኤክስ» ጋር ቁመቱ በልክ ቢስተካከል አጥሮ ይታያል። ስለዚህ ፎንት ሠሪው ከላይም ከታችም ጥቂት ያሳልፈዋል። ክቡ ከቋሚው ጋር የሚጋጠምበት ቦታም ካልሳሳ ጠቁሮ ዓይን ይይዛል። ያ ሁሉ ቅለት የመጣው ከብዙ ልፋት ነው።

ይህ ፊደል ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደሚያናግር ሰው ነው። አራት አምስት ቃል በትልቁ ተጽፎ ዙሪያው ባዶ ሲተውለት ያምርበታል፤ የሕፃናት ክሊኒክ በር ላይ ሳየው ደስ ይለኛል። በደቃቅ መጠን የተጻፈ የመድኃኒት መመሪያ ላይ ግን አልፈልገውም። «ኦ»፣ «ሲ»፣ «ኢ» እና «ኤ» ሁሉም ከአንድ ክብ ስለሚወጡ፣ ሲያንሱ አንዱ ካንዱ ይምታታል። ፎቶ ላይ በነጭ ሲጻፍማ ጭራሽ ይጠፋል።

አማርኛ ሲጨመር ነገሩ ይከብዳል። ክዊክሳንድ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ደንበኛው ግን «ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሁኑ» ይላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ ደማቅ ብዙ የውፍረት ደረጃ ስላለው፣ ስሱን መርጦ ሥራውን ማስረከብ ቀላል ነው። የኛ ፊደል መለያው ግን ያለው ትንሽ ቦታ ላይ ነው። «ሊ»ን ከ«ሌ» የሚለየው እግራቸው ነው፤ አንዱ ጭረት፣ ሌላው ቀለበት አለው። መስመሩ ሲሳሳ ጭረቱ ስልክ ላይ ይደበዝዛል። ጫፉ ሲድበለበል ደግሞ አጭሩ ጭረት ራሱ ነጥብ ያህል ይሆንና ቀለበት ወደ መምሰል ይሄዳል። ብራና ላይ በመቃ ብዕር የጻፉት አባቶች ቋሚውን አውፍረው አግዳሚውን አቅጥነው ነው ያቆዩልን። ሁሉንም መስመር እኩል ስናቀጥን ያንን ድጋፍ እያነሣን መሆኑን ማወቅ አለብን።

እኔ አማርኛውን ከላቲኑ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ አወፍረዋለሁ፣ መጠኑን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ፣ በመስመሮቹ መካከል ክፍተት እጨምራለሁ። መንታ አይመስሉም፤ ግን ሁለቱም እኩል ይነበባሉ። ደንበኛው ካላመነ በስልኩ ከፍቶ እንዲያነብልኝ እጠይቀዋለሁ።

ፎንት የምትሠሩ ወዳጆቼ፣ ከብራናው የእጅ ጽሑፍ ተነሥታችሁ፣ ጫፉን አለስልሳችሁ፣ የ«ሌ»ን ቀለበት ሆን ብላችሁ ያሰፋችሁበት ቀጭን የአማርኛ ፎንት ካላችሁ አሳዩኝ። ከፍዬ እገዛዋለሁ።