ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል

ባለፈው ሰሞን እናቴ ከባሕር ማዶ የተላከላትን የቁርጥማት መድኃኒት ይዛ መጥታ፣ «ይህ ሕመም ሌሊቱን እንቅልፍ ነሥቶኛልና እስቲ አንብብልኝ» ብትለኝ፣ በእሽጉ ላይ የታተመውን እንግሊዝኛ ቃል በቃል መልሼ «በቀን ሁለት ጊዜ ውሰጂው ይላል» አልኋት። እርሷም እሽጉን በመዳፏ እንደ ያዘች ጥቂት አሰብ አድርጋ «ወዴት ልውሰደው?» ብላ ጠየቀችኝ። የጠየቀችው በፍጹም ቅንነት ነበር፤ እኔም «ዋጪው ማለት ነው፣ እማዬ» ብዬ አለፍሁት። ማታ ብቻዬን ስቀመጥ ግን ነገሩ ከልቡናዬ አልወጣ አለ፤ አማርኛውን በትክክል የሰማችው እናቴ እንደ ሆነች፣ ያበላሸሁት እኔ እንደ ሆንሁ ተረዳሁ።

እንግሊዞች «ቴክ» የሚሉት ቃል የአንድምታ መምህር ቢያገኝ ኖሮ «አንድም፣ አንድም» ሲባልበት ውሎ የሚያድር ቃል ነው። ሰው አውቶቡስ ሲሳፈር ቴክ፣ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ቴክ፣ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ቴክ፣ መሐላ ሲፈጽም ቴክ፣ ምክር ሲቀበል ቴክ፣ ንጉሥ ከተማ በጦር ሲይዝም ቴክ ነው፤ «ኦፍ» የምትባል ታናሽ ቃል ስትከተለው ሰውየው ልብሱን ያወልቃል፣ አውሮፕላኑም ከምድር ይነሣል፤ «አፍተር» ስትከተለው ደግሞ ልጁ በአባቱ ይወጣል።

ይህን ሁሉ ሸክም የተሸከመው ቃል ግን የእንግሊዝኛ የአብራኩ ክፋይ አይደለም። የጥንት እንግሊዞች ለዚህ ነገር «ኒማን» የሚል የራሳቸው ግስ ነበራቸው፤ ዘመዶቻቸው ጀርመኖችም እስከ ዛሬ «ኔመን» ይላሉ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ793 ዓ.ም. የሊንዲስፋርንን ገዳም የዘረፉት የሰሜን ባሕረኞች ወገን፣ ከዚያ በኋላ ባለው ዘመን በእንግሊዝ ሰሜንና ምሥራቅ እየሰፈረ፣ እያረሰ፣ ከአገሬው ጋራ እየተጋባ፣ በ1016ም የዴንማርኩን ክኑትን በእንግሊዝ ዙፋን ላይ እስከ ማስቀመጥ ደርሶ ነበርና፣ «ታካ» የሚለው ግሱም አብሮት ገብቶ ባለቤቱን «ኒማን»ን ቀስ በቀስ ከቤቱ አስወጣው። የተባረረው ግስ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ በብርድ ወይም በሕመም የደነዘዘውን አካል ዛሬ «ነም» ሲሉት፣ የቃሉ ሥር «የተያዘ» ማለት ነው። እኛስ «እግሬን ያዘኝ» እንል የለምን?

የእንዲህ ያለውን ቃል ፍች በየመልኩ መለየት ዕድሜ የሚበላ ሥራ ነው። በታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ቴክ የሚገኝበትን የ«ቲ» ፊደል ያሰናዳው ጀምስ መሪ በ1915 ሲሞት መጽሐፉ ገና ነበር፤ የተፈጸመውም በ1928 ነው። እኛም ዘንድ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት የታተመው ጸሐፊው ካረፉ በኋላ፣ በእኛ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም.፣ በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት መሆኑን ሳስብ፣ ለቃላት ብሎ ዕድሜውን የሰጠ ሰው ሁሉ በዓይኔ ላይ ይከብርብኛል።

ወደ እናቴ ጥያቄ ልመለስ። በግዕዝ እንደ ቴክ ሰፊ የነበረው ግስ «ነሥአ» ነው፤ ያዘም፣ ተቀበለም፣ አነሣም ይሆናል፣ ሚስት ማግባትም በእርሱ ይነገራል፤ በቅዳሴ ጊዜ «ንሥኡ» ሲባል የምንሰማውም ይኸው ነው። በአማርኛ ግን ግሱ ፊቱን አዙሮ ከሰው ላይ መውሰድ፣ መከልከል ሆነ፤ እናቴ «እንቅልፍ ነሥቶኛል» ያለችው በዚህ ቃል ነው፣ «ፎቶ አነሣ» የምንለውም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። «ወሰደ» ግን ከጥንቱ መምራት፣ ይዞ መሄድ፣ ወደ አንድ ስፍራ ማድረስ ነበርና መንገድና መድረሻ በውስጡ አለ። እንግዲህ «ውሰጂው» የተባለች ሴት «ወዴት?» ብላ ብትጠይቅ የቃሉን አጥንት አገኘችው እንጂ አልተሳሳተችም።

የሚያሳዝነኝ ይህ አንድ ግስ፣ ከእንግሊዝኛው ጥላ ሥር ተጠግቶ፣ የገዛ ወንድሞቹን ከቤት ማስወጣቱ ነው። ገላዬን ታጠብሁ ማለት ቀርቶ «ሻወር ወሰድሁ»፣ ተፈተንሁ ማለት ቀርቶ «ፈተና ወሰድሁ»፣ ተሳፈርሁ ማለት ቀርቶ «ታክሲ ወሰድሁ»፣ ተማርሁ በማለት ፈንታ «ትምህርት ወሰድሁ» እንላለን። «እርምጃ ወሰደ» የሚለው ሥር ሰድዷልና እርሱን እንንቀል አልልም፤ «ጊዜ ወሰደ» የሚለውንም ብሰማ ዝም እላለሁ፣ ምንም እንኳ «ፈጀ» በሚለው ግስ ውስጥ የሚነድደው እሳት ቢናፍቀኝ። ነገር ግን ታጠበ፣ ተፈተነ፣ ተሳፈረ፣ ተማረ ያሉን ግሶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሥራ፣ የራሳቸው መልክ ያላቸው ናቸው፤ አንዱ ሲቀር በእርሱ እናየው የነበረው ነገር አብሮ ይደበዝዛል። እንግሊዝኛ ቴክን ቢያበዛ ያደገበት መንገድ ነውና አይነቀፍም፤ የእርሱን ልማድ የእኛ ግስ እንዲሸከም ያዘዘው ግን ማንም የለም።

በማግስቱ ጧት አንድ ወረቀት ቈርጬ፣ በጕልህ ፊደል «ቁርስ ከቀመስሽ በኋላ አንድ ፍሬ ትውጫለሽ፤ ማታም እራትሽን በልተሽ አንድ ፍሬ» ብዬ ጻፍሁላት። ዳዊት የደገመች ናትና ጣቷን በየፊደሉ ላይ እያሳለፈች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችው፤ ከዚያም ወረቀቱን በአራት አጥፋ በዳዊቷ ማኅደር ውስጥ ከተተችው።