የጣት ንባብ

መምህሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው። የአማርኛውን ብሬል በአዳሪ ትምህርት ቤት ተማረ፤ የእንግሊዝኛውንም ጨመረበት፤ በሁለቱም ሲያነብና ሲያስተምር ፀጉሩ ሸበተ። ፈረንሳይኛን ግን የሚያውቀው በጆሮው ብቻ ነበር። ስለዚህም አንድ ወዳጁ በፈረንሳይኛ ብሬል የተጻፈ ገጽ ባበረከተለት ጊዜ፣ ነጥቡ ያው ስድስት ነጥብ ነውና ምን ያስቸግረኛል ብሎ ጣቱን በመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈ።

ብዙም ሳይርቅ ተደናቀፈ። «ፔር»፣ አባት ማለት ነው፣ በፈረንሳይኛ በአራት ፊደል ይጻፋል። ከፊተኛው ፊደል ቀጥሎ ጣቱ ያገኘው ቤት 2ኛው፣ 3ኛው፣ 4ኛውና 6ኛው ነጥብ የተነሣበት ነበር። ይህ ቤት በእንግሊዝኛ ብሬል ፊደል አይደለም፤ «ዘ» የተባለችው ቃል በሙሉዋ ናት። በአባት ሆድ ውስጥ «ዘ» ምን ትሠራለች? መስመሩን ሦስት ጊዜ ደጋገመው፤ የአታሚው ስሕተት መሰለው።

ስሕተቱ ግን የአታሚው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1809 ኩቭሬ በምትባል የፈረንሳይ መንደር የተወለደው ሉዊ ብሬል የኮርቻና የልጓም ሠሪ ልጅ ነበር። በ3 ዓመቱ በአባቱ ወስፌ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋ፤ ሕመሙ ወደ ሌላውም ተዛምቶ ብርሃኑን አጣ። (ብሬል የሚጻፍበት ስታይለስ ከወስፌ እምብዛም አለመራቁን ልብ ይሏል።) እ.ኤ.አ. በ1829 ዘዴውን በመጽሐፍ ሲያወጣ የቀመረው ለገዛ ቋንቋው ነበር። ስድስት ነጥብ የሚሰጠው ቅርጽ 63 ብቻ ነው። ተራዎቹን ፊደላት ካስቀመጠ በኋላ ከቀሩት ቤቶች ጭረት ለሚደረግባቸው የፈረንሳይኛ አናባቢዎች አደላቸው። እንግሊዝኛ ይህን ጭረት አይሻም፤ ስለዚህ እነዚያኑ ቤቶች ዘወትር ለሚመላለሱት ትንንሽ ቃላት አዋላቸው። የአባት «ኤ» ባሕሩን ስትሻገር «ዘ» የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ልዩነቱ ይሰፋል። 1ኛውና 2ኛው ነጥብ በአውሮፓም በአማርኛም «በ» ናቸው፤ በጃፓን ግን «ኢ» ናቸው። ኢሺካዋ ኩራጂ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1890 ተቀባይነት ያገኘው የጃፓን ብሬል 1ኛውን፣ 2ኛውንና 4ኛውን ነጥብ ለአናባቢ፣ የቀሩትን ሦስቱን ለተነባቢ ስለ ለየ፣ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቤት ያድራሉ። አማርኛ እንዲህ ያለ ማደሪያ አላገኘም። ከ200 በላይ የሆነው ፊደል በ63 ቅርጽ አይገባምና፣ በኅትመት አንዲት የሆነችው «ቡ» በብሬል ተነባቢዋ በአንድ ቤት፣ አናባቢዋ በሌላ ቤት ትጻፋለች። ይህን እንደ ጉድለት መቁጠር ግን አይገባም። ዓይን ያለው ተማሪ ዓመታት ቆጥሮበት የማያስተውለውን፣ በፊደሉ ውስጥ የተሸሸገውን የድምፅ ጥንድ፣ የብሬል ተማሪ ገና ከጅምሩ ይዳስሰዋል።

በኅትመት ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄዱት ዐረብኛና ዕብራይስጥም በብሬል እንደ አማርኛው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። እ.ኤ.አ. በ1950 ዩኔስኮ በፓሪስ የጠራው ስብሰባ ተመሳሳይ ድምፅ በተቻለ መጠን በተመሳሳይ ቤት እንዲጻፍ ተስማምቶ ነበር። መልካም ስምምነት ነው፤ በድምፅ የማይመሳሰሉትን ግን ሊያስታርቅ አይችልም።

በዚያች ሌሊት መምህሩን እንቅልፍ የነሣው ግን ጃፓንም እንግሊዝም አልነበረም። ከብዙ ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪው በሒሳብ ፈተና 1ኛውን፣ 4ኛውንና 5ኛውን ነጥብ ወግታ ነበር። ቤቱ «ደ» ነው፤ የቁጥር ምልክት ሲቀድመው 4 ይሆናል፤ በሙዚቃ ጽሕፈት ደግሞ «ዶ» የተባለው ኖታ ነው። ልጅቱ የቁጥሩን ምልክት ረስታለች።

«ደ የሒሳብ መልስ አይደለም» ብሎ ዜሮ ሰጣት።

«ጋሼ፣ አራት ማለቴ እኮ ነው።»

«ጣቴ ያላገኘውን አላነብም።»

ስሌቷን በደረቷ ታቅፋ ወጣች። መምህሩ የእርምጃዋ ድምፅ በአገናኝ መንገዱ ሲርቅ አሁንም ይሰማዋል።

በማግስቱ ወዳጁን የፈረንሳይኛውን የብሬል ፊደላት ዝርዝር እንዲያስገኝለት ለመነው። ዝርዝሩ በእጁ ሲገባ ገጹን እንደገና ከመጀመሪያው መስመር ጀመረ። ከ«ፔ» ቀጥሎ ያችው ቤት ቆማ ጠበቀችው፤ ከአራቱ ነጥቦች አንዱም ከቦታው አልተነቃነቀም። ጣቱ ጥቂት አረፈባት፤ ከዚያም ወደ ቀጣዩ ፊደል አለፈ።